ቁም ሳጥኑን ማሰር ወይስ ከባዱን ታች ማድረግ?

መራመድ የጀመረ ልጅ መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ክብደቱ ወደ ፊት ሲያደላ ቁም ሳጥኑ ልጁ ላይ ይወድቃል።

ከባድ ዕቃ ታች ማስቀመጥ ወጪ የለውም፤ ለተከራይም ይመቻል። ግን መሳቢያዎቹ ሁሉ ከተከፈቱ ብዙም አያድንም።

በኤል ብረት ግድግዳ ላይ ማሰር ይበልጣል። ጣጣው ግድግዳው ነው። ኮምቦልቻ ያለ የብሎኬት ቤት ከሆነ ድሪልና ጠንካራ ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይበቃል። በድሮው የደሴ ጭቃ ቤት ግን ፊሸሩ ምርጊቱን ይዞ ይወጣል። ግድግዳውን አንኳኩታችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉ፤ ብሎኑ እዚያ ይግባ። በቁም ሳጥኑ በኩልም ስሱ ጀርባ ላይ ሳይሆን ወፍራሙ እንጨት ላይ ይታሰር።

አከራይ «ግድግዳዬን በሳችሁ» ቢሉስ? ቀዳዳ ይደፈናል። እኔ ማሰሩን እመርጣለሁ፤ ከባዱን ታች ማድረጉ ተጨማሪ ይሁን። ከላዩ ቴሌቪዥን ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አውርዱት።