ለእህቴ ልጅ ኮምፒውተር የሸጠልንና የገጠመልን

ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁበት ሰሞን ለእህቴ ልጅ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አስገጠምኩላት። ዕቃውን የሸጠልን አንድ ቤት፣ የገጠመልን ሌላ ባለሙያ ነው። እኔ ተመልሼ ሂያጅ ነኝ፤ ነገ ማዘርቦርዱ (ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) እንቢ ቢል ጣጣው የሚተርፈው ለልጅቷ ስለሆነ ዓይኔ የነበረው ፍተሻው ላይ ነው።

የመረጥነው ማዘርቦርድ ኤች610 የሚባለው ዓይነት ነው፤ የራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቦታው ሁለት ብቻ፣ ጌጥ የሌለው፣ ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ ከበቂ በላይ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የኢንቴል ኮር አይ3 12100 ነው፤ 12ኛው ትውልድ መሆኑ ነው። የራሱ ግራፊክስ ስላለው ሞኒተሩ በቀጥታ ቦርዱ ላይ ይሰካል። ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» ያለበት ቢሆን ኖሮ ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ ምስል ማየት አይቻልም።

ሻጩ ትሑት ሰው ነው፣ ዕቃውም አዲስ ነበር። «ፈትሽልኝ» ስለው ግን ፓወር ሰፕላይ ሰክቶ ፋኑ ሲዞር አሳየኝና «ይኸው፣ ይሠራል» አለ። የፋን መዞር ቦርዱ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ነው የሚነግረን እንጂ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ማወቁን አይደለም። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ሶኬት የፕላስቲክ ክዳን አንስቶ እንዲያሳየኝም ለምኜው ነው በስንት መከራ እሺ ያለው። በዚህ ሶኬት ውስጥ 1700 ፀጉር የሚያካክሉ እግሮች አሉ። አንዷ ብትታጠፍ ኮምፒውተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ግን አንዱን የራም ቦታ አላውቅም ይላል። የታጠፈ እግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዋስትና አይሸፈንም። ስለዚህ በስልክ መብራትም ቢሆን እዚያው ሱቁ ውስጥ ማየት ነው።

ገጣጣሚው ወጣት ልጅ ነው። ገና ካርቶኑን ሳይከፍት «ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ያን ጊዜ ነው ልቤ ያረፈው። ኤች610 በ2022 መጀመሪያ ሲወጣ ከ12ኛው ትውልድ ጋር ነው የወጣው። 13ኛውንና 14ኛውን የሚያውቀው ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከታደሰ ነው። የኛ 12ኛ ስለሆነ «እንግዲያው ባዮሱን አንነካውም፤ እያደስን መብራት ቢጠፋ ቦርዱን ልናጣው እንችላለን» አለ። ሳያስፈልግ «አዘምኜልሃለሁ» ከሚል ባለሙያ ይህ ይሻለኛል።

ኬዙ ውስጥ ከማሰሩ በፊት ቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስተኝቶ ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውንና አንድ ራም ብቻ ገጠመ። ባለ 24 እግሩን የቦርዱን የኃይል ኬብልና የፕሮሰሰሩን ባለ 8 እግር ኬብል ሰክቶ ሁለቱን የማስነሻ እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጋቸው ምስል መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ አጠፋውና ራሙን አውጥቶ ያለ ራም አስነሳው። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ የራም መብራት በርታ ቀረች። ቦርዱ ጉድለቱን በትክክለኛው ቦታ መናገር ከቻለ ነገ ሲበላሽም የት እንደምንጀምር እናውቃለን። እንዲህ ያለ መብራት በሌለው ቦርድ ላይ ትንሽ ስፒከር ሰክቶ ጩኸቱን እንደሚሰማ ነገረኝ።

ከዚያ ራሙን በሁለቱም ቦታ እያቀያየረ ሞከረ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ሰክቶ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስቶ ለረጅም ሰዓት ተወው። አሰልቺ ነው፤ ግን ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ያለ ምክንያት የሚመጣውን ሰማያዊ ስክሪን አስቀድሞ የሚያጋልጠው ይህ ነው። ዩኤስቢዎቹን አንድ በአንድ በፍላሽ ሞከረ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ካቆየው በኋላ ሰዓቱ መጠበቁን አየ፤ ሰዓቱ ቢጠፋ ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው ባለ 3 ቮልቷ ክብ ባትሪ ላይ ነው።

ባዮስ ውስጥ የነካው ጥቂት ነገር ነው። ራሙ ፍጥነቱ 3200 ተብሎ ተጽፎበት 2666 ላይ ይሠራ ስለነበር በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ ከፈተው፤ ለዊንዶውስ 11 የሚያስፈልገውን፣ የደህንነት ቁልፎችን የሚይዘውን ቲፒኤም አበራ። ኬዙ ውስጥ ደግሞ ቦርዱ የሚቀመጥባቸውን የናስ ማቆሚያዎች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አመሳስሎ ትርፏን ነቀላት። ያቺ ብትቀር የቦርዱን ጀርባ ነክታ ሾርት ልታደርገው ትችል ነበር።

ቅሬታም አለኝ። ስልኩ አያርፍም፣ በየመሀሉ እየተነሳ ይሄዳል፤ ያልጠየቅነውን ፕሮግራም ሁሉ ጭኖ ሰጠን፣ ልጅቷ ስታጠፋው አመሸች። የፊት ለፊቱን የኢርፎን ኬብልም ሳይሰካው ቀርቷል። ደውለንለት «ከቦርዱ ታች፣ በግራ ጥግ በኩል ነው፤ አንድ እግር ስለሌለው ተገልብጦ አይገባም፣ አትፍሪ» እያለ መራት። ከነቀለችው የኃይል ገመድ በስተቀር ምንም ሳትነካ ሰካችው፤ ድምፁም መጣ። ለሻጩ ከአምስት ሁለት፣ ለገጣጣሚው አራት ሰጥቻለሁ።