የቢትልስ ሥራዎች፦ ከሲዲ መገልበጥ ወይስ ከአይቲዩንስ ማውረድ?

የአፕል ኩባንያ የኢንተርኔት ሙዚቃ መደብር የሆነው አይቲዩንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተከፈተ በኋላ፣ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የቢትልስ አድናቂዎች ዘፈኖቹን ከዚያ ለማውረድ እስከ ኖቬምበር 16 ቀን 2010 ድረስ ከሰባት ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ትዕግሥቱ ያለቀበት አድናቂ ግን በሴፕቴምበር 2009 ድምፃቸው እንደ አዲስ ተጣርቶ የወጡትን ሲዲዎች ገዝቶ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ውስጥ እየከተተ መገልበጥ ይችል ነበር።

ማውረዱ ያለ ጥርጥር ይቀላል፤ አንድ ዘፈን በ1.29 ዶላር፣ ነጠላ አልበም ደግሞ በ12.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ግን ድምፁ ነው። ከአይቲዩንስ የሚወርደው ፋይል መጠኑ እንዲያንስ ከድምፁ ዝርዝር ተቀንሶ በሴኮንድ ወደ 256 ኪሎቢት ታምቆ የቀረበ ሲሆን፣ ሲዲው ሳይታመቅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል፤ ባለቤቱም በፈለገው መጠን አምቆ ደጋግሞ ሊገለብጠው ይችላል። (በተራ የጆሮ ማዳመጫ ልዩነቱ ላይሰማ እንደሚችል አልክድም።)

ዘፈን በተናጠል መግዛት ሌላም ጉድለት አለው፤ በ1969 በወጣው «አቢ ሮድ» አልበም፣ በሸክላው ሁለተኛ ገጽ መገባደጃ ላይ አጫጭር ዘፈኖች ያለ ዕረፍት እየተያያዙ ስለሚፈሱ፣ አንዱን ነጥሎ የገዛ ሰው የሚደርሰው ከመሀል የተቆረጠ ዜማ ነው።