«ከርከዴ በሎሚ» የሚባለውን ቀይ ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴም ሆነ ባቲ፣ ረመዳን ሲቃረብና ሙቀቱ ሲበረታ «ከርከዴ በሎሚ» የሚባል ቀይ ዱቄት በፌስታል እየተመዘነ ወይም ባማረ ፓኬት ታሽጎ፣ አንዳንዴም በሞንታርቦ እየተለፈፈ ይሸጣል። «ሳይፈላ ይበጠበጣል፣ ደም ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ያስተካክላል» ይባልለታል። አትግዙት። የተፈጨ ከርከዴ (እንደ ሻይ የሚጠጣው ቀይ ደረቅ አበባ) ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ይቀላና አተላው ከስር ይዘቅጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ሙልጭ ብሎ የሚሟሟ ጣፋጭ ዱቄት ስኳርና ሲትሪክ አሲድ (ማኮምጠጫው) ከቀለም ጋር ነው፤ ከርከዴ ቢኖርበትም ለስሙ ያህል ነው። ስኳር በሽታን ያስተካክላል የተባለው ነገር ራሱ ስኳር ሆኖ ሲገኝ አጃኢብ ያሰኛል።

ፓኬት ከሆነ ገልብጡና የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። ብዙ የገባበት ነገር ፊት ይጻፋል፣ ትንሹ መጨረሻ። «ስኳር» ብሎ ከጀመረና «ከርከዴ» ከመጨረሻው ተርታ ካለ ነገሩ አለቀ። በ«ኢ» የሚጀምሩት ቁጥሮች የምግብ ጭማሪዎች መለያ ናቸው፦ ኢ 330 ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ኢ 122፣ ኢ 124 እና ኢ 129 ቀይ ቀለሞች ናቸው፤ ኢ 102 ደግሞ ቢጫው። በተፈቀደላቸው መጠን ሲገቡ መርዝ ናቸው ማለታችን አይደለም። ጥያቄው ለምን በከርከዴ ዋጋ ይሸጣሉ ነው። በፌስታል የተቋጠረው ደግሞ ምን እንደገባበት፣ ምን ያህል እንደገባበት፣ ማን እንዳዘጋጀው የሚናገር ምንም ነገር የለውም።

ሒሳቡን እዩት። በስኳር የተሞላ ዱቄት እንዲጣፍጥ ለአንድ ሊትር 100 ግራም ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሩብ ኪሎው ሁለት ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። ሙሉው የደረቀ ከርከዴ ግን ለሊትር 20 ግራም ይበቃዋል፤ ሩብ ኪሎው 12 ሊትር ያወጣል። ዋጋ ስታነጻጽሩ ኪሎን ከኪሎ ጋር ሳይሆን ሊትርን ከሊትር ጋር አስተያዩ።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። የከርከዴ ተፈጥሯዊ ቀለም ኮምጣጣ ሲያገኝ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ሶዳ ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ግራጫ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይዞራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ፤ ከዚያ ላይ ሩቡን ወደ ሌላ ብርጭቆ ቀንሱና በውሃ አቅጥኑት። ማቅጠኑን አትዝለሉት፤ ውስጡ ያለው አሲድ ብዙ ከሆነ ሶዳውን ይውጠውና የውሸት ውጤት ታያላችሁ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ አረፋው እስኪያቆም ድረስ። ቤኪንግ ፓውደር አይሠራም፤ በውስጡ አሲድ አለው፤ ሱቅ ላይ ሁለቱ ስለሚምታቱ ማሸጊያውን እዩ። አረፋው ከረጋ በኋላም ቀዩ ያው ቀይ ከሆነ የጠጣችሁት የፋብሪካ ቀለም ነው። ቆሽሾ ቡናማ ቀይ ከሆነ ምናልባት ትንሽ ከርከዴ ከብዙ ቀለም ጋር ተደባልቋል።

ሙሉውን አበባ የሚገዛም ቢሆን ዓይኑን መግለጥ አለበት። በነገራችን ላይ አበባ እንበለው እንጂ የሚደርቀው የተክሉ ቅጠል ወይም የአበባው ስስ ክፍል አይደለም፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። ሙሉ ሆኖ የደረቀ እንደሆነ አምስት ሹል ክንፍ አለው፣ መሃሉ ባዶ ነው። ሻጩ ፊት አንዱን አንሱና በጣት ስበሩት፤ ደረቅ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ እርጥበት ይዟል፤ እናንተም የውሃ ክብደት በኪሎ ዋጋ ትከፍላላችሁ። የባሰው ደግሞ ሻጋታው ነው። ከፈታችሁት በኋላ እግሩ ላይ፣ ክንፎቹ የሚገናኙበት ስርጉድ ውስጥ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ጸጉር መሰል ነገር ካያችሁ ተዉት። ሻጋታው ሲፈላ ይሞት ይሆናል፣ የተወው መርዝ ግን በፍል ውሃ አይጠፋም።

አንዱን ክንፍ አኝኩት። እውነተኛው ወዲያው ምራቅ ያመጣል፣ ጥርስ ያጠርሳል። አንዴ ተፈልቶ ወጥቶ እንደገና የደረቀው ሲነካ ስስ ነው፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሮዝ ነው፣ ሲያኝኩት ጣዕም የለውም። ይህን ለመሸፈን ቀለም የሚነክሩም አሉ፤ በረጠበ ነጭ ሶፍት አሹት፣ ሶፍቱ ወዲያው ደማቅ ቀይ ከጠጣና ክንፉ ነጣ ካለ ይቅርባችሁ። የተፈጨ ከሆነ ይህ ሁሉ ምርመራ አይቻልም፣ ስለዚህ ሙሉውን ግዙ።

ሎሚውንም በጠርሙስ አትግዙ፤ «የሎሚ ጭማቂ» ከሚባሉት ብዙዎቹ ውሃ፣ ሲትሪክ አሲድና ሽታ ናቸው። ከነመርሳና ውርጌሳ የሚወርደው ብርቱካንና የጉልቷ ሎሚ እያለ ምን አደከማችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ከርከዴ፤ ሚዛን ከሌለ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል። አሸዋ ስለማያጣው በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አለቅልቁት፣ አትዘፍዝፉት። ውሃው ሲፈላ ከእሳት አውርዱ፣ ከርከዴውን ጨምሩ፣ ክደኑ። ኮምቦልቻ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ91 ወይም 92 ዲግሪ ነው፤ እዚያ 13 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩት። እሳት ላይ ትቶ ማንተክተክ ግን አያስፈልግም፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ አፍ የሚይዝ መራራ ይሆናል። ቅርንፉድና ቀረፋ ከወደዳችሁ ውሃው ገና ሳይፈላ ነው የሚገቡት፤ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድና የጣት ግማሽ ቀረፋ፣ ከዚያ በላይ ከርከዴውን ይውጠዋል።

ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን። ከርከዴ እንደ ሎሚ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱን ይበላል፣ ሻዩም የሳንቲም ጣዕም ያመጣል። የማይዝገው ብረት፣ ያልተላጠ ኢናሜል ወይም ብርጭቆ ይሁን። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅራፊ የሚያስቀር ከሆነ ሻዩ ሐምራዊ ሊመስል ይችላል፤ ሎሚው ሲገባ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሎሚው ላይ ነው። ከነልጣጩ ቆራርጦ አብሮ ማፍላት ነጩን ሽፋንና ፍሬውን አስመርሮ ያወጣዋል። ከብርቱካኑ ውጫዊ ልጣጭ ብቻ ሁለት ስስ ክር ላጡና ከከርከዴው ጋር ክደኑት፤ መዓዛው ያለው እዚያ ነው። ጭማቂውን ግን ካጠለላችሁና ለብ ካለ በኋላ ጨምሩ፦ የአንድ ብርቱካንና የአንድ ትንሽ ሎሚ። ሁለት ሎሚ ይበዛል፣ ከርከዴው በራሱ ኮምጣጣ ነውና። ስኳር ሦስት የሾርባ ማንኪያ፤ ማር ከሆነ ደግሞ ሲቀዘቅዝ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከፍሪጅ ውጭ፣ በተለይ በባቲ ሙቀት፣ ማታ የተሠራው ጠዋት አረፋ ከያዘ ድፉት።

«መድኃኒት ነው» ለሚለው፦ ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል፤ ይህ ግን ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ማቆሚያ ምክንያት አይሆንም። ክኒን የሚወስድ ሰው በብዛት ቢጠጣ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር ብትተወው ይሻላል። ከርከዴም ሎሚም ክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ወደ ደም መግባቱን እንደሚቀንሱ በሱዳን ተጠንቷል፤ ቆላ ላይ ለወባ ክሎሮኪን የታዘዘለት ሰው ሕክምናው እስኪያልቅ ሁለቱንም ይተው።

ዱቄቱን ገዝታችሁ የተታለላችሁ፣ ማሸጊያውንና ደረሰኙን አትጣሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይቀበላል። «ደረሰኝ የለኝም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የሱቁን ቦታና የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ፤ የቀረውን ዱቄትም ከነፌስታሉ ይዛችሁ ሂዱ።