ቫልግሪንድ ለትንሽ የሲ ግራፊክስ ፕሮግራም ምን ያህል ይረዳል?

ሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ መስኮት ከፍቶ ሥዕል የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ ያለ አንዳች ስህተት ኮምፓይል ከሆነለት በኋላ «ሴግመንቴሽን ፎልት» (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ተነካ) ብሎ ድንገት ሲዘጋበት ግራ የማይጋባ ጀማሪ የለም ማለት ይቻላል። ፕሮግራምን እያስኬደ የሜሞሪ ስህተቱን የሚፈልገው ቫልግሪንድ የተባለ ነፃ መሣሪያ ለዚህ ችግር ምን ያህል እንደሚጠቅም በራሴ ፕሮግራም ላይ አይቻለሁ።

ፕሮግራሜ ስፋቱ 160፣ ቁመቱ 120 ፒክስል ለሆነ ምስል፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይዞ፣ በማሎክ 76,800 ባይት ሜሞሪ ይወስዳል። ሥዕሉ በትክክል ይታያል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ግን ፕሮግራሙ ይወድቃል። ፕሮግራም የት እንደወደቀ የሚያሳየው ማረሚያ ጂዲቢ፣ የወደቀበት ብሎ ያሳየኝ ሜሞሪውን የምመልስበትን የፍሪ ጥሪ ስለነበር፣ ምንም ጥፋት የሌለበትን መስመር ደጋግሜ ሳነብ አመሸሁ። ቫልግሪንድ ግን ገና የመጀመሪያው ሥዕል ሲሳል ከወሰን ውጭ 4 ባይት እንደተጻፈ፣ የተጻፈበትም አድራሻ ከ76,800 ባይቱ ብሎክ መጨረሻ 0 ባይት አልፎ እንደሚገኝ ከነመስመር ቁጥሩ ነገረኝ። 0 ባይት አልፎ ማለት ከወሰኑ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ባይት ነውና ወዲያው ረድፎቹን ወደሚስለው ሉፕ ተመለከትሁ፤ «ያንሳል» ማለት ሲገባኝ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ብዬ 121ኛ ረድፍ እየሳልሁ ኖሯል። ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ፕሮግራሙ ከወደቀበት ለይቶ ማሳየቱ በእኔ ግምት ትልቁ ብርታቱ ነው። የመስመር ቁጥሩ እንዲታይ ግን ኮዱ የማረሚያ መረጃ በሚጨምረው የ«ማይነስ ጂ» (-g) ምርጫ ኮምፓይል መደረግ አለበት።

ድካሙ ፍጥነቱ ላይ ነው። ፕሮግራምን ከ20 እስከ 30 እጥፍ ስለሚያዘገይ፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚሳል እንቅስቃሴ እየተቆራረጠ ይሄዳል። በዚያ ላይ የግራፊክስ ላይብረሪዎችና ድራይቨሮች ያልመለሱትንም ሜሞሪ ሊዘረዝር ስለሚችል፣ ጀማሪ የራሱን ጥፋት ከብዙ ገጽ መካከል መፈለግ ይኖርበታል፤ ከላይ ካለው የመጀመሪያ ሪፖርት መጀመር ይሻላል። በፈንክሽን ውስጥ የታወጀ አሬይ ወሰኑን ሲያልፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያይም። ለዚህኛው ከጂሲሲ ኮምፓይለር ጋር የሚመጣው ሌላ የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ፣ አድረስ ሳኒታይዘር፣ ይሻላል፤ የሚያዘገየውም 2 እጥፍ ያህል ብቻ ነው፣ ምንም እንኳ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ቢጠይቅና ከቫልግሪንድ ጋር አብሮ ባይሠራም።

መስኮቱ የትኛው ስክሪን ላይ እንደሚከፈት የሚናገረው የዲስፕሌይ (DISPLAY) ተለዋዋጭ ባልተሞላበት ተርሚናል ላይ፣ ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው ኤክስ ኦፕን ዲስፕሌይ (XOpenDisplay) የተባለ ፈንክሽን ባዶ ፖይንተር መልሶ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ግን፣ ሁለቱንም መሣሪያዎች ከማስነሳት በፊት የተመለሰውን ዋጋ በአንድ ኢፍ መፈተሽ ይበቃል።