ጥልፋቸውን ገልብጠው ለሚያሳዩ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ስጦታዎቼን በልብስ ስፌትና በማሽን ጥልፍ ላዘጋጁልኝ አንዲት ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለምትፈልጉም እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በግልጽ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። ሥራቸውን ግን ዘርዘር አድርጌ እናገራለሁ፤ አለበለዚያ ምስጋናዬ ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል።

በመጀመሪያ ልቤን የማረከው አጠያየቃቸው ነው። አዲስ ለተወለደችው የእህቴ ልጅ ስሟ የተጠለፈበት የሹራብ ብርድ ልብስ ለመስጠት አስቤ ነበር የሄድኩት። ስለ ክሩ ቀለም ምንም ሳይሉ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎኑም ወደ ቁመቱም ሳብ ሳብ አደረጉት። ቀጥለውም በየስንት ጊዜው እንደሚታጠብና ጀርባው ከሕፃኗ ገላ ጋር ይነካካ እንደሆነ ጠየቁኝ። ምክንያቱን በኋላ አስረዱኝ። የሚለጠጥ ጨርቅ ያለ ድጋፍ ሲጠለፍ በፊደሉ ዙሪያ ይሸበሸባል። ስለዚህ ከስሩ ደጋፊ ጨርቅ ይደረግለታል። ከተጠለፈ በኋላ ተቀዶ የሚወጣው ዓይነት ለማይለጠጥ ጨርቅ ይበቃል፤ ለሹራብ ግን ትርፉ በመቀስ ተከርክሞ ቀሪው ከጥልፉ ጋር ለዘለቄታው የሚኖረው ዓይነት ያስፈልጋል። መርፌውም የተለየ ነው፤ ጫፉ ድቡልቡል ስለሆነ የሹራቡን ክር ሳይበጥስ ገፋ አድርጎ ያልፋል። በመጨረሻም የክሩ ቋጠሮ የሕፃኗን ቆዳ እንዳይቧጥጥ በጥልፉ ጀርባ ለስላሳ ገበር አደረጉለት። ይህን ገበር እኔ አላዘዝኩም፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

በፊደላችን ስም መጥለፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ሚ»ን ከ«ሜ» የሚለያት ከእግሯ ስር ያለችው ቅጥያ ብቻ ናት። ፊደሉ ሲያንስ የ«ሜ» ቀለበት በክር ይደፈንና የልጅ ስም ይበላሻል። በዚያ ላይ ክር ሲጠብቅ ጨርቁን ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ በኮምፒውተር ክብ ሆኖ የተሳለው ቀለበት ጨርቁ ላይ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። እኚህ ባለሙያ ታዲያ ፊደሉን ወደ ስፌት የመቀየሩን ሥራ ለኮምፒውተሩ ብቻ አይተዉትም። ስፌቱ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ራሳቸው ይወስናሉ። ክሩ የሚስበውን ጎን አስቀድመው ሰፋ ያደርጉታል፤ ከስሩም ጨርቁን የሚያረጋ ሳሳ ያለ ስፌት ያስቀድማሉ። ቁመታቸው ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ፊደላትን በተለመደው ባለ 40 ቁጥር ክር አይጠልፉም፤ ለእነዚያ ይበልጥ ቀጭን የሆነው ባለ 60 ቁጥር ክርና ቀጭን መርፌ አላቸው። ስሙን በመጀመሪያ ተመሳሳይ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጠልፈው አሳዩኝ፤ እሺ እስክል ድረስም ብርድ ልብሱን አልነኩትም።

«ማሽኑ አይደል የሚሠራው?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ማሽንማ ከጥንትም ነበረ። ኢዛክ ግሮብሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የላይና የታች ክር እያቆላለፈ የሚጠልፍ ማሽን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። በኮምፒውተር የሚመሩት የዛሬዎቹ ማሽኖችም ከላይ በመርፌ፣ ከታች ቦቢን ከሚባለው ትንሽ የክር ማጠንጠኛ የሚመጡትን ሁለት ክሮች ያቆላልፋሉ። ጥሩውን ጥልፍ ከመጥፎው የሚለየው የሁለቱን ክሮች ውጥረት የሚያመዛዝነው ሰው ነው። ይህን ያስተማሩኝ የጠለፉትን ገልብጠው በማሳየት ነው። በወፍራሙ የፊደል መስመር ጀርባ ነጩ የታች ክር መሐል መሐሉን ይዞ ይሄዳል፤ ባለቀለሙ የላይ ክር ከግራና ከቀኝ ያጅበዋል። ነጩ ከመስመሩ ስፋት ሲሶውን ያህል ከያዘ ውጥረቱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ቤት ገብቼ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ያሠራሁትን ካኔተራ ገለበጥኩት። ጀርባው ያልተቆረጠ ክር የተንዘላዘለበት ነበር፤ በፊት በኩል ነጭ ክር ብቅ ብቅ የሚለውም የሁለቱ ክሮች ውጥረት ስላልተመዛዘነ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በአባቴ ሸሚዝ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ አንድ ሸሚዙን ለማንም ሳትሰጥ አስቀምጣ ነበር። ከእሱ የትራስ ልብስ ተሰፍቶላት፣ አባቴ በአንድ አሮጌ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የጻፈው «በናፍቆት የምትጠብቁኝ» የሚለው መስመር በራሱ የእጅ ጽሕፈት እንዲጠለፍበት ፈለግን። ባለሙያዋ ሸሚዙን መስኮት አጠገብ ዘርግተው ወደ ብርሃን እያነሡ መረመሩት። ክርኑና ኮሌታው ሳስተዋል፤ ጀርባውና ደረቱ ግን ጤናማ ነው። የሳሳውን ለይተው ትተው፣ ደረቱን ከነቁልፎቹ የትራሱ መክፈቻ አደረጉት። አባቴ ይቆልፋቸው የነበሩትን ቁልፎች እናቴ አሁንም ትቆልፋቸዋለች። ጽሕፈቱን ደግሞ ከደብዳቤው ፎቶ ላይ መስመር በመስመር ተከትለው ወደ ስፌት ቀየሩት። የአባቴ እጅ በእርጅናው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊደሎቹ ወላወል ይላሉ። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን መስመር አለስልሶ ማቅናት ይችላል፤ እሳቸው ግን፣ «ይህን ካቀናሁት የእሱ መሆኑ ይቀራል» ብለው እንዳለ ጠለፉት። ብዕሩ ጠበቅ ያለበትን ቦታ ወፍራም፣ ላላ ያለበትን ቀጭን አደረጉት። እናቴ ገና ሳይነበብላት፣ መነጽሯንም ሳታደርግ፣ የማን ጽሕፈት እንደሆነ አወቀችው። ለዚህ የሚመጥን ቃል የለኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

እምቢታቸውንም ወድጄላቸዋለሁ። ለጓደኞቼ በስስ የጥጥ ሸሚዝ ላይ ደረቱን የሚሞላ፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ሥዕል እንዲጠልፉልኝ ጠይቄያቸው ነበር። «ክሩ ጨርቁን ይከብደዋል፤ ሳንቃ ደረታቸው ላይ እንደታሰረ ይሆንባቸዋል» አሉና የሥዕሉን ጠርዝ ብቻ በቀጭን መስመር እንዲያወጡት አሳመኑኝ። ብዙ ስፌት ብዙ ገንዘብ መሆኑን አስቡ፤ እሳቸው ያነሰውን መከሩኝ። ለሙሽሮች ባሠራሁት ፎጣ ላይም እንዲሁ ጥንቃቄያቸውን አይቻለሁ። የፎጣው ጉንጉን ክር በፊደሉ መካከል እንዳይወጣ ከላዩ በውኃ የሚሟሟ ስስ ሽፋን አድርገው ጠለፉት። ሬዮን ክር ይበልጥ ቢያብረቀርቅም በረኪና ስለሚጎዳው ለፎጣ ፖሊስተሩን መረጡልኝ። እስካሁን ቀለሙ እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለነገ የሚፈልግ ሰው ወደ እሳቸው ባይሄድ ይሻላል። ሥራ የሚቀበሉት በተራ ነው፤ አስቸኳይ የሚባል ነገር አይቀበሉም። የምትሰጡትን ልብስ አስቀድማችሁ አጥባችሁ ውሰዱ፤ አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ በጥልፉ ዙሪያ ያለው ጨርቅ ይሸበሸባል። ስሙን በስልክ ከመናገር ይልቅ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ምትክ የሌለው የሟች ልብስ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ንገሯቸው፤ መቀስ ከማንሣታቸው በፊት የቱ ጋ እንደሚቆርጡ በጠመኔ አስምረው ያሳዩአችኋል።

እሳቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አድራሻቸውን ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።