ባለ 150 ሚሊሜትሩ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ ለመጀመሪያ ገዢ

በውስን ገንዘብ ደህና ቴሌስኮፕ ልግዛ የሚል ሰው ገበያ ላይ ቀድሞ የሚያጋጥመው፣ ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ በጉልህ የተጻፈበትና ቀጫጭን ሦስት እግሮች ያሉት ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ይህ ቁጥር ገዢን ከማሳሳት ያለፈ ፋይዳ የለውም። የቴሌስኮፕ አቅም የሚለካው በሚሰበስበው ብርሃን፣ ማለትም በዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። ጠቃሚ የሚባለው የማጉላት ጣሪያም ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 60 ሚሊሜትር ሌንስ ከ120 እጥፍ በላይ አጉላ ቢባል የሚያሳየው የደበዘዘ ምስል ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ለተወሰነበት ጀማሪ ያለ ማመንታት የምመርጥለት፣ 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስታወትና 1200 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) ያለውን ዶብሶኒያን ነው። ከባለ 70 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ስሙን ያገኘው ቀላሉን መቆሚያ በሳን ፍራንሲስኮ ካስተዋወቀው ከጆን ዶብሰን ሲሆን፣ ሞተርም ሆነ ውስብስብ ማርሽ የለውም፤ ቱቦው ከእንጨት በተሠራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በእጅ ይገፋል። ለመቆሚያው የሚወጣው ወጪ አነስተኛ በመሆኑ ከከፈሉት ገንዘብ አብዛኛው ለመስታወቱ ይውላል፤ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ብልጫም ይኸው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ አብረውት የሚሸጡት ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊሜትር የዓይን ሌንሶች፣ ማለትም ዓይን የሚጠጋባቸው ትንንሽ ሌንሶች፣ 48 እና 120 እጥፍ ያጎላሉ፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ስፋታቸው ሳይሆን የራሳቸው የትኩረት ርቀት ሲሆን፣ 1200 ለእሱ ሲካፈል ማጉላቱ ይገኛል። በመጀመሪያው ሙሉ ጨረቃ ከነዙሪያዋ ትታያለች፤ በኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለው የጋዝና የአቧራ ደመና፣ የኦሪዮን ኔቡላም፣ እንደ ተዘረጋ ክንፍ ሆኖ ይወጣል። በሁለተኛው የሳተርን ቀለበት ከፕላኔቱ አካል ተለይቶ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አየሩ ሲረጋም በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ቀጭን ጥቁር ክፍተት መለየት ይቻላል። የጁፒተር ጥቋቁር መቀነቶችና አራቱ ትላልቅ ጨረቃዎችም በግልጽ የሚታዩ ሲሆን፣ ጨረቃዎቹ በአንድ ምሽት ውስጥ ቦታ ሲቀያየሩ መከታተል እጅግ ያስደስታል። ጋላክሲዎች ግን በፎቶግራፍ የምናውቃቸውን ቀለሞች አያሳዩም፤ ለዓይን ግራጫ ጭጋግ መስለው ነው የሚታዩት።

መሬት ስለምትሽከረከር፣ በ120 እጥፍ የታየ ፕላኔት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከእይታ ስለሚወጣ ቱቦውን በየጊዜው በጣት ጫፍ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። የጥሩና የመጥፎ መቆሚያ ልዩነት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሲገፋ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ድንገት የሚዘል ከሆነ የማጥበቂያው ብሎን ላላ ማለት አለበት፤ በትክክል ሲስተካከል ግን ያለ መንገጫገጭ ይንሸራተታል። ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ» የተጻፈበት ቴሌስኮፕ በአንጻሩ ምስሉን ለማጥራት ቁልፉ በተነካ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ጉድለቶችም አሉት። ሁለቱ መስታወቶቹ፣ ዋናውና ብርሃኑን ወደ ዓይን ሌንሱ የሚመልሰው ትንሹ፣ በጉዞ ስለሚዛነፉ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋሉ። መዛነፋቸውን ለማወቅም አንድ ደማቅ ኮከብ መሐል ላይ አድርጎ ምስሉን ሆን ብሎ ማደብዘዝና፣ የሚታዩት ቀለበቶች አንድ ማዕከል ያላቸው መሆናቸውን ማየት ይበቃል። መስታወቱ ከውጭው አየር ጋር እስኪመጣጠን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ተቀምጠው የሚያዩበት ዝቅ ያለ መቀመጫ ያስፈልጋል። ረጅም ጊዜ የሚወስድ የሰማይ ፎቶግራፍ ለማንሳት ያሰበ ሰው ደግሞ ሌላ መሣሪያ ይፈልግ። ፊት ለፊቱ ላይ ሙሉ ስፋቱን የሚሸፍን የፀሐይ ማጣሪያ ሳይደረግበት ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን ለዘለቄታው ያጠፋልና፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ በጥብቅ ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህኛው ገንዘቡ ያልበቃው ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ 130 ሚሊሜትር ዶብሶኒያን ይውሰድ፤ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ካገኘ አይቆጭም። ባለ 150ውን ገዝቶ ጥቂት የተረፈው ደግሞ ባለ 6 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ይጨምርበት፤ የሚሰጠው 200 እጥፍ በአብዛኞቹ ምሽቶች አየሩ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው።