ቤታችንን ላደራጀችልን እህት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ዛሬ የምጽፈው አንዲት ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስራዋ ቤት ማደራጀት ነው። ጽዳት አላልኩም። መጥረግና መወልወሉን እኛው እንችላለን። የሷ ስራ መውጣት ያለበት እቃ እንዲወጣ ማድረግ፣ የሚቀረውን ደግሞ ቦታ ቦታ ማስያዝ ነው። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ ራሷ ስለጠየቀችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እናቴ ከግቢ ቤት ወደ እኛ ስትዛወር እቃዋም አብሯት መጣ። ቁም ሳጥኑ አልዘጋ አለ። አልጋ ስር በማዳበሪያ የታሰረ ልብስ፣ በረንዳ ላይ ጀሪካን፣ የወተት ጣሳ፣ ባዶ ሃይላንድ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚያግደው አዋጅ ሲጸድቅ ደግሞ እማዬ «እንግዲህ አይገኝም» ብላ ፌስታል ማጠራቀም ጀመረች። «ይሄን እንጣለው» ካልን ጸብ ነው።

ልጅቷ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ከእማዬ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ነበር። እኔ ሰዓት አያለሁ። ከዚያ ተነሳችና «እማማ፣ እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ። እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ አሳይዎታለሁ። ፍርዱ የእርስዎ ነው» አለቻት። እማዬ ጋቢዋን አስተካክላ ተቀመጠች። በቃ፣ ቀኑ ያኔ ተቃና። እኛ ስንለምናት የነበረው እንድትጥል ነው። ልጅቷ ግን እንድትፈርድ ጠየቀቻት።

ቅደም ተከተሏም ደስ ይላል። የጀመረችው ማንም ልቡን ካላሳረፈበት ነገር ነው፦ ክዳኑ የጠፋ እቃ፣ የተበጠሰ ቻርጀር፣ ጎደሎ ካልሲ። ቀጥሎ ልብስ። ከየክፍሉ ሁሉም ወጥቶ አልጋ ላይ ይከመራል። ያለንን ነጠላ ብዛት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወረቀት። ካርታው፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃው በአንድ ክላሰር ገባ። የቆየ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ተለይቶ ወጣ። የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ክፍያ ደረሰኝ ግን አንዱንም እንዳታስወጡ አለች። ፎቶና የእማዬ የድሮ ቀሚሶች መጨረሻ ላይ ናቸው። ሰው መወሰን ከለመደ በኋላ ማለት ነው። ከፎቶ ብትጀምሩ ፎቶ ስታዩ ይመሻል።

ከሁሉ የገረመኝ የድስቱ ነገር ነው። ትልልቅ የድግስ ድስቶች ወጥ ቤቱን ሞልተውት ነበር። «እማማ፣ የእድራችሁ ድስት የት ሄዶ ነው?» አለቻት። እማዬ ሳቀች። እውነት ነው፣ እድሩ ድንኳንም፣ ወንበርም፣ ድስትም አለው። ለዓመት አንድ ቀን ብሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድስት ማሳደር ለምን? አንዱን ለበዓል አስቀርታ ሌሎቹን ለዘመድ ሰጠች።

የሚወጣው እቃ የት እንደሚሄድም ታውቃለች። ጠርሙስና ብረታ ብረት ለቆራሊዮው ተሸጠ። ጣሳዎቹ ምናለሽ ተራ ሄዱ፤ እዚያ ጣሳ ሌላ እቃ ሆኖ ይሰራል። ደህና ደህናው ልብስ ለመቄዶንያ ተለየ። ልዋጭን ግን ከለከለችን። «ጨርቅ ወጥቶ ፕላስቲክ ሳፋ ሊገባ ነው? ምኑን ወጣ?» አለች።

ደግሞ የውጭ ቪዲዮ ላይ ያየችውን እንዳለ የምትገለብጥ ሰው አይደለችም። ጀሪካኖቹን አልነካችም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ጣሉ የሚል ሰው ከተማውን አያውቅም። ያለችው «ባዶ ጀሪካን ቦታ መያዝ የለበትም፣ ወይ ይሞላ ወይ ይሂድ» ብቻ ነው።

ቤቱ ተመልሶ እንዳይዝረከረክ የተወችልን ደንብ ጥቂት ነው። ልብስ ሆነ ጫማ፣ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ፌስታል የሚቀመጠው በአንድ ትንሽ ከረጢት ነው፤ ሲሞላ አይጨመርም። በር ላይ ቁልፍና ቻርጀር የሚገባበት ቅርጫት አለ። ማታ ከዜና በኋላ ሁሉም የራሱን እቃ ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ልጁም ጭምር። ይሄኛው አንዳንድ ቀን ይዘለላል፤ ቢሆንም እስካሁን ቤቱ እንደተስተካከለ ነው።

ነቀፌታም ልጨምር። ከእማዬ ጋር ማር የነበረችው ልጅ እኔ ጋ ስትደርስ ርህራሄ የላትም። የኬብል ካርቶኔን ገልብጣ «ይሄ የምንድነው? ይሄስ?» እያለች አፋጠጠችኝ። የማላውቀው ሁሉ ወጣ። ዋጋዋም ርካሽ የሚባል አይደለም። በቀን ነው የምትሰራው፣ ቤቱን አይታ ትነግራችኋለች።

ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይያዝባታል። ለበዓል ሰሞን የምትፈልጓት ከወር በፊት ንገሯት። ከባድ እቃ አታነሳም፣ ቁም ሳጥን የሚያንቀሳቅስ ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ። ማዳበሪያም ራሳችሁ አዘጋጁ፣ ይዛ አትመጣም።